ጅማ፦ አይቢዳታ1 የሚባል ፋይል ተሰርዞ የቡና መረከቢያ ዳታቤዛችን አልከፈት አለ፤ መፍትሔ ይኖረዋል?

ሄርማታ_አይቲ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ አስቸኳይ ነውና በቀጥታ ልግባ።

የምሠራው ጅማ ውስጥ ከገበሬ ቡና ተረክቦ የሚያቀርብ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። ገበሬዎቹ ከማና፣ ከጎማና ከሊሙ ኮሳ እሸትም (ቀይ ፍሬ) ጀንፈልም (ከነገለባው የደረቀ) ያመጣሉ። ቡናው ሚዛን ላይ ሲወጣ የገበሬው ስም፣ ቀበሌው፣ ኪሎው፣ የዕለቱ ዋጋ፣ የተከፈለውና ቀሪው ኮምፒውተር ላይ ይመዘገባል። ፕሮግራሙ በፒኤችፒ የተሠራ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ በዛምፕ (ማይኤስኪውኤል የሚባለውን የዳታቤዝ ሰርቨርና ሌሎችንም አንድ ላይ በሚጭነው ጥቅል) ይሠራል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ መብራት ድንገት ጠፋ። የዩፒኤሱ ባትሪ ደክሟል፤ ማሽኑም አብሮ ጠፋ። መብራት ሲመለስ ማይኤስኪውኤል አልነሳም አለ። ዛምፕ ላይ በቀይ «ማይኤስኪውኤል ሳይታሰብ ቆሟል» የሚለው መልእክት ይመላለሳል። እኔ በዚያን ሰዓት መስክ ላይ ነበርኩ። ከውጭ ባለሙያ ተጠራ። እሱም ቪዲዮ እያየ ዳታ ፎልደሩ ውስጥ ያሉትን አይቢዳታ1ን እና ሁለቱን አይቢ_ሎግፋይሎች፣ የአሪያ_ሎግ ፋይሎቹንም ጭምር ሰረዛቸው። ሪሳይክል ቢን ውስጥም የሉም። ከዚያ ማይኤስኪውኤል ተነሳ፤ «ተስተካክሏል» ተብሎ ሰውየው ሄደ።

አልተስተካከለም። ፒኤችፒማይአድሚን (ዳታቤዙን በብራውዘር የምናይበት ፕሮግራም) ላይ የቴብሎቹ (የሰንጠረዦቹ) ስም በሙሉ ይታያል። ስነካቸው ግን ስህተት 1932 ይመጣል፦ ቴብሉ ኢንጂኑ ውስጥ የለም ይላል።

የሚያስጨንቀኝ ቀሪው ክፍያ ነው። ብዙ ገበሬ ግማሹን ይዞ ይሄድና ቀሪውን ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ ይወስዳል። ማን ስንት እንደቀረው ያለው እዚያ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ደረሰኝ አለ፤ ግን የካርቦን ቅጂው ብዙው አይነበብም። እጄ ላይ ያለው ባክአፕ የነሐሴ ነው። የዘንድሮ ምርት አንድ መስመር እንኳ የለበትም።

የዳታቤዛችን ፎልደር አሁንም አለ። ለእያንዳንዱ ቴብል አንድ .ኤፍአርኤም እና አንድ .አይቢዲ ፋይል አለው። ትልቁ .አይቢዲ ከ90 ሜጋባይት በላይ ነው። አንዱ «ዛምፕን አራግፈህ እንደገና ጫን» ይለኛል። ሌላው «በቃ አልቋል፣ ከደረሰኝ መልሳችሁ መዝግቡ» ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?


ኪቶ_ፉርዲሳ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡55

ወንድሜ፣ እባክህ ምንም አትጫን፣ ምንም አታራግፍ።

አሁኑኑ ማይኤስኪውኤልን ከዛምፕ ላይ አቁመው። ከዚያ ዳታ ፎልደሩን እንዳለ፣ አንድም ፋይል ሳትመርጥ፣ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ኮፒ አድርግ። ሌላ ኮፒ ደግሞ ሌላ ቦታ አስቀምጥ። ከዚህ በኋላ የምትሞክረው ሁሉ በኮፒው ላይና በሌላ ኮምፒውተር ይሁን። ዛምፕን ስታራግፍ እነዚያ .አይቢዲዎች አብረው ከሄዱ ያኔ እውነትም ያልቃል።

90 ሜጋ የሚመዝን .አይቢዲ ካለህ ዳታህ አለ። ተስፋ አትቁረጥ።

ሦስት ነገር ንገረን። የዛምፑ ማይኤስኪውኤል ቨርዥን ስንት ነው? ዲስኩ ኤስኤስዲ ነው ወይስ የድሮው ዓይነት? የቴብሎቹን አወቃቀር የያዘ የኤስኪውኤል ፋይል ከየትም ማግኘት ትችላለህ?


አጂፕ_ኮምፒውተር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ይሄ እኛ ሱቅም ብዙ ጊዜ ይመጣል። ቀላል ነው። ዛምፕ ውስጥ ማይኤስኪውኤል ፎልደር ሥር «ባክአፕ» የሚባል ፎልደር አለ። ዳታ የሚለውን ፎልደር ስሙን ቀይረው። ባክአፕን ኮፒ አድርገህ ዳታ በለው። ከዚያ የራስህን ዳታቤዝ ፎልደር ከአሮጌው ወደ አዲሱ ውሰድ፣ አስነሳው። በዚህ መንገድ ስንቱን አስነስተናል።


ዳታ_ጠባቂዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

አጂፕ ወንድሜ፣ ያልከው መንገድ ትክክል ነው፤ ግን አንድ ደረጃ ይጎድለዋል። አሮጌው አይቢዳታ1ም አብሮ ወደ አዲሱ ፎልደር መሄድ አለበት። የዚህ ልጅ ችግር ደግሞ እሱው መጥፋቱ ነው። እዚያ ባክአፕ ፎልደር ውስጥ ያለው አይቢዳታ1 ባዶው ነው፤ ከዛምፕ ጋር የመጣ። የሄርማታን ቴብሎች አያውቃቸውም። ያንን ቢያደርግ ተመልሶ 1932 ላይ ነው የሚቆመው።

አይቢዳታ1 ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ሰዎች «ትልቅ ሎግ ነው» ብለው ነው የሚሰርዙት። ሎግ አይደለም። የኢኖዲቢ (ማይኤስኪውኤል ዳታውን የሚያስቀምጥበት ኢንጂን) ዳታ ዲክሽነሪ እዚያ ነው ያለው፤ የትኛው ቴብል በየትኛው መለያ ቁጥር፣ በየትኛው ፋይል እንደሚገኝ የሚናገረው መዝገብ ማለት ነው። ያልጸደቁ ለውጦችን ወደ ኋላ የሚመልሰው መረጃም እዚያ ነው። ቼንጅ በፈርም እዚያ ነው፤ ወደ ኢንዴክስ (መፈለጊያ ማውጫ) ገና ያልተላለፉ ለውጦች የሚጠባበቁበት ቦታ ነው። ደብልራይት በፈርም (ገጾች ወደ ቦታቸው ከመጻፋቸው በፊት የሚጻፉበት) እንደዚሁ።

የገበሬዎቹ ረድፎች ግን በየራሳቸው .አይቢዲ ውስጥ ናቸው። ከማይኤስኪውኤል 5.6 ጀምሮ እያንዳንዱ ቴብል በራሱ ፋይል መቀመጡ ነባሪው አሠራር ነው። ስለዚህ ቤቱ ቆሟል፤ የጠፋው ካርታው ነው። ሥራችን ለእያንዳንዱ ቤት አዲስ ካርታ ማውጣት ነው። ይህም ይቻላል።

ቅድም የሚያስፈልገኝ ነገር አለ። ዳታ ፎልደሩ ውስጥ «ማይኤስኪውኤል_ኤረር» የሚል የሎግ ፋይል አለ። ክፈተውና ትናንት መብራት ከተመለሰበት ሰዓት ጀምሮ ያለውን አንብበህ ንገረኝ። ማንም ሰው ከመሰረዙ በፊት ያንን ቢያነብ ኖሮ እዚህ ባልደረስን።


ማታ_ተረኛ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ማይ.አይኤንአይ በሚባለው የማይኤስኪውኤል ቅንብር ፋይል ውስጥ ኢኖዲቢ ፎርስ ሪከቨሪን (በግድ የማስነሻ ቅንብሩን) 6 አድርገህ አስነሳው። ያኔ ሁሉንም ይከፍትልሃል።


ዳታ_ጠባቂዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡12

ለዚህ አይሠራም። ፎርስ ሪከቨሪ የሚረዳው አይቢዳታ1 ኖሮ የተበላሸ ገጽ ሲኖር ነው። በሌለ ዲክሽነሪ ላይ የሚያስገድደው ነገር የለም። ደግሞም ከ1 እስከ 6 ያሉት ደረጃዎች እኩል አይደሉም። ከ4 ጀምሮ ፋይሉን ለዘለቄታው ሊያበላሹት ይችላሉ። ሁልጊዜ ከ1 ተነስቶ፣ በተነሳበት ደረጃ ላይ ዳታውን በዳምፕ (ወደ አንድ የጽሑፍ ፋይል ገልብጦ) አውጥቶ ማቆም ነው። እባካችሁ ለማንም ሰው ቀጥታ 6 አትበሉ።


ሄርማታ_አይቲ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አቁሜዋለሁ። ኮፒው በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አለ፤ አንዱ ቤቴ ነው ያለው።

ቨርዥኑ ማሪያዲቢ 10.4 ነው፤ ዛምፕ ማይኤስኪውኤል የሚለው እሱን ነው (ከማይኤስኪውኤል የተገኘ ተመሳሳይ ዳታቤዝ)። ዲስኩ ኤስኤስዲ ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ልጅ አሁን አዲስ አበባ ነው ያለው። ደውዬለት መጀመሪያ የሠራበትን የኤስኪውኤል ፋይል ልኮልኛል፤ «ከዚያ በኋላ ግን አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ» ብሏል።

ሎጉን አነበብኩት። ስህተት ብሎ የጻፈው ስለ ኢኖዲቢ አይደለም። «የአሪያ ሪከቨሪ አልተሳካም፤ አሪያ_ቼክን በሁሉም የአሪያ ቴብሎች ላይ አስኪድ፣ የአሪያ_ሎግ ፋይሎችንም ሰርዝ» ነው የሚለው። ከሱ በታች ደግሞ ኢኖዲቢ መነሳቱን የሚናገር መስመር ከሎግ ቁጥሩ ጋር አለ። ከዚያ «ፕለጊኖችን ማስነሳት አልተቻለም» ብሎ ይቆማል።


ኪቶ_ፉርዲሳ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

ኤስኤስዲ ከሆነ የተሰረዘውን አይቢዳታ1 በሪከቨሪ ሶፍትዌር ለማውጣት ብዙ አትድከም። ዊንዶውስ ፋይል ሲሰረዝ ለኤስኤስዲው በትሪም ትእዛዝ ይነግረዋል፤ ዲስኩም ቦታውን ያጸዳዋል። የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ቢሆን ኖሮ ማሽኑን አጥፍተህ ዲስኩን ነቅለህ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክር እልህ ነበር።


ዳታ_ጠባቂዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡25

ይሄ ሎግ ትልቅ የምሥራች ነው። ላስረዳህ።

ማሪያዲቢ ውስጥ የሲስተም ቴብሎቹ፣ ማለትም ዩዘሮችና ፈቃዶች ያሉባቸው፣ ከ10.4 ጀምሮ የሚቀመጡት በአሪያ ኢንጂን ነው። መብራት ሲጠፋ የተጎዳው እሱ ነው። መድኃኒቱም ሎጉ ራሱ የጻፈው ነበር፦ የአሪያ_ሎግ ፋይሎችን ማንሳትና አሪያ_ቼክን ማስኬድ። ኢኖዲቢ ግን ተነስቷል። ተነሳ ማለት የራሱን ሎግ አንብቦ፣ መብራት ሲሄድ የተንጠለጠለውን ሁሉ ወደ ቦታው መልሷል ማለት ነው። ሎግፋይሎቹ የተሰረዙት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ .አይቢዲዎችህ የሰኞውንም ውሎ ይዘው ሊሆን ይችላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አሁን ሥራው። በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያንኑ 10.4 ጫን። ባዶ ዳታቤዝ ፍጠር። ከዚያ በአንድ ቴብል ብቻ ጀምር፤ ትንሿን ምረጥ።

አወቃቀሩን ከ.ኤፍአርኤም አውጣ። ማይኤስኪውኤል ዩቲሊቲስ ውስጥ ማይኤስኪውኤልኤፍአርኤም የምትባል መሣሪያ አለች፤ በዳያግኖስቲክ ሁነታ ሰርቨር ሳትፈልግ ፋይሉን አንብባ «ክሪኤት ቴብል» ትጽፍልሃለች። የምታወጣውን እንዳለ አትመናት። የቫርቻርን (ርዝመቱ የሚለያይ የጽሑፍ ዓምድ) ርዝመት አንዳንዴ በባይት ቆጥራ ታበዛዋለች። ፎሪን ኪዎችን (አንዱን ቴብል ከሌላው የሚያያይዙትን) ደግሞ አታሳይህም፤ የኢኖዲቢ ፎሪን ኪ .ኤፍአርኤም ውስጥ አይቀመጥም። የፕሮግራመሩን ፋይል ከጎን አድርገህ አስተያይ።

ቴብሉን ከፈጠርክ በኋላ «አልተር ቴብል» ብለህ «ዲስካርድ ቴብልስፔስ» ታዛለህ። ይህ አዲሱን ባዶ .አይቢዲ ያስወግደዋል። በቦታው አሮጌውን .አይቢዲ ኮፒ ታደርጋለህ። ከዚያ «ኢምፖርት ቴብልስፔስ»። የ.ሲኤፍጂ (የአወቃቀር ማመሳከሪያ) ፋይል አላገኘሁም፣ ሳላመሳክር እቀጥላለሁ የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ አትደንግጥ። ነገር ግን ቃሉን ልብ በለው። ሳያመሳክር ነው የሚያስገባው። አወቃቀሩ ከተሳሳተ የሚነግርህ የለም፤ ዝም ብሎ የተዛባ ዳታ ያሳይሃል። ከዚህ ሁሉ ሥራ እጅግ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይሄ ነው።

ከመጀመርህ በፊት የፎሪን ኪ ማረጋገጫውን ዜሮ አድርገህ አጥፋው።


ሄርማታ_አይቲ
ረቡዕ፣ ከረፋዱ 4፡30

የገበሬዎች ቴብል ተከፈተ! ስማቸው፣ ቀበሌያቸው፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩን ከብቦ ነበር።

ትልቁ የርክክብ ቴብል ግን እምቢ ብሏል። ስህተት 1808፣ ስኪማው አይገጥምም ይላል።


ኪቶ_ፉርዲሳ
ረቡዕ፣ ከረፋዱ 4፡45

ደስ ይላል!

1808 ብዙ ጊዜ የሮው ፎርማት (ረድፉ በፋይሉ ውስጥ የሚጻፍበት መልክ) ጉዳይ ነው። ያ ቴብል መጀመሪያ በአሮጌ ዛምፕ የተፈጠረ ይሆናል። ድሮ ነባሪው ኮምፓክት ነበር፤ ማሪያዲቢ ከ10.2 ወዲህ ዳይናሚክ አድርጎታል። ቴብሉን አጥፍተህ ስትፈጥረው መጨረሻ ላይ ሮው ፎርማቱ ኮምፓክት እንዲሆን ጻፍ። ከዚያ ዲስካርድና ኢምፖርቱን ድገም። አሮጌውን .አይቢዲ ሁልጊዜ ከኮፒው ነው የምታመጣው፤ ዋናው እንዳይነካ።


ሄርማታ_አይቲ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡20

ኮምፓክት ሳደርገው ገባ። ግን ውስጡ ትርምስምስ ነው። የገበሬው ቁጥር ልክ ነው። ከቀን ዓምዱ ጀምሮ ያለው ግን ቀኑ የማይሆን ዓመት፣ ኪሎው የማይታመን ቁጥር ነው፤ የዋጋው ዓምድ አሉታዊ ሁሉ አለበት። ለዚህኛው የተጠቀምኩት ፕሮግራመሩ የላከውን አወቃቀር ነው፤ ዩቲሊቲዋ ያወጣችው ረጅምና ዝብርቅርቅ ስለነበር።


ዳታ_ጠባቂዋ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡35

ምንም አልተበላሸም። ዳታው ደህና ነው፤ የምታነብበት ልኬት ነው የተሳሳተው። ከቀን ዓምዱ ጀምሮ ከተዛባ ጥፋቱ እዚያው ነው። የፕሮግራመሩ ፋይል ቀኑን ምን ዓይነት ይለዋል? .ኤፍአርኤሙስ?


ሄርማታ_አይቲ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡50

የፕሮግራመሩ ፋይል ዴት ይላል። .ኤፍአርኤሙ ቫርቻር ይላል፤ ርዝመቱ 30።

ልጁን ደውዬ ጠየቅሁት። አስታወሰ። ቀኑ የሚገባው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጥቅምት 30 የተመዘገበው ቡና ሁሉ ቀኑ ዜሮ ሆኖ ተገኘ። ለካ ዳታቤዙ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ ብሎ ስለሚያስበው 30ኛ ቀን የለውም። ጳጉሜንንማ 13ኛ ወር ብሎ ከነአካቴው አይቀበልም። ስለዚህ ዓምዱን ወደ ቫርቻር 10 ቀየረው። የላከልኝ ፋይል ከዚያ በፊት የነበረው ነው።


ዳታ_ጠባቂዋ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡05

በቃ፣ ተገኘ። ዴት ምንጊዜም 3 ባይት ነው። ቫርቻር 10 ግን እንደ ጽሑፉ ርዝመት ይለያያል፤ ርዝመቱም በረድፉ ራስጌ ይጻፋል። 3 ባይት ብለህ ስታስነብበው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ከቦታው ይንሸራተታል።

መሣሪያዋ 30 ያለችህ ቀደም ብዬ ያልኩህ ነው፤ 10 ፊደል በ3 ባይት ተባዝቶ። ይህ ደግሞ ካራክተር ሴቱ (ፊደላት በባይት የሚጻፉበት ኮድ) ዩቲኤፍ8 መሆኑን ይነግረናል። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ8 3 ባይት ይይዛል። በሌሎቹም ዓምዶች ይሄን አትርሳ። ስምን ቫርቻር 100 በላቲን1 ብትለው ከፍተኛው ርዝመት 100 ባይት ነው፣ ኢኖዲቢ ርዝመቱን በአንድ ባይት ይመዘግበዋል። በዩቲኤፍ8 ከሆነ 300 ባይት ስለሚደርስ ረጅም ስም ላይ ሁለት ባይት ይጠቀማል። ካራክተር ሴት ስትሳሳት ፊደሉ መበላሸቱ ብቻ ሳይሆን ረድፉም ይዛባል።


ሄርማታ_አይቲ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡30

ገባ። ሁሉም ቦታ ቦታው ላይ ነው። የመጨረሻው ረድፍ የሰኞ ከሰዓት ነው።

አሁን ግን ፍርሃቴ ሌላ ነው። ልክ መሆኑን በምን ላረጋግጥ? በዓይን ሳየው ልክ ይመስላል፤ ቅዳሜ የምከፍለው ግን የሰው ገንዘብ ነው።


ኪቶ_ፉርዲሳ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

ጥሩ ጥያቄ ነው። የጀንፈሉ ርክክብ ኪሎውንም ፈረሱላውንም ይመዘግባል?


ሄርማታ_አይቲ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

አዎ፣ ሁለቱም ዓምድ አላቸው። ፕሮግራሙ ኪሎውን ለ17 አካፍሎ ፈረሱላውን ያስቀምጣል።


ኪቶ_ፉርዲሳ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡25

እንግዲያው ማመሳከሪያህ እዚያው ነው። ኪሎው ለ17 ተካፍሎ ከፈረሱላው ጋር የማይገጥምባቸውን ረድፎች ብቻ አውጣ በለው። አንድም ካልመጣ ዓምዶቹ አልተንሸራተቱም። እሸቱ ላይ ደግሞ ኪሎ ሲባዛ ዋጋ ከጠቅላላው ጋር፣ ጠቅላላው ሲቀነስ የተከፈለው ከቀሪው ጋር ይግጠም። ከዚያ ካርቦናቸው የሚነበቡ ደረሰኞችን ከተለያየ ቀን እያነሳህ ከስክሪኑ ጋር አስተያይ። የሰኞዎቹን ግን አንድ በአንድ እይ፤ አደጋው ያለው እዚያ ነው።


ዳታ_ጠባቂዋ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡40

አንድ ልጨምር። «ቼክ ቴብል»ን በሁሉም ላይ አስኪድ። ቼንጅ በፈሩ ከአይቢዳታ1 ጋር ስለጠፋ ረድፎቹ ሙሉ ሆነው ኢንዴክሶቹ ላይ ጉድለት ሊኖር ይችላል። ምልክቱ ይሄ ነው፦ ሙሉውን ስትቆጥር የሚመጣው ቁጥርና በቀበሌ እየፈለግህ ስትደምር የሚመጣው አይገጥምም። ይህ ከታየ ዳታው አልጠፋም፤ ያንን ኢንዴክስ ጥለህ እንደገና ፍጠረው።

በዚህ በተጠጋገነ ሰርቨር ላይ ሥራ አትጀምር። ሁሉ ነገር ከገጠመ በኋላ ሙሉውን በማይኤስኪውኤልዳምፕ አውጣና ንጹሕ በሆነ አዲስ ሰርቨር ላይ ጫነው። ፎሪን ኪዎቹን ያኔ መልሳቸው። የአውቶ ኢንክሪመንት (በራሱ የሚጨምረው) ቁጥሩም ከመጨረሻው ረድፍ ቀጥሎ መሆኑን እይ፤ ሁለት ደረሰኝ አንድ ቁጥር እንዳይዙ።


የጤና_ዳታ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡50

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። እኛ የምንጠቀመው ፖስትግሬስኪውኤልን (ሌላ የዳታቤዝ ሰርቨር) ሊኑክስ ላይ ነው። ይህ ዓይነቱ ነገር እኛ ጋ ቢደርስስ? ዲስክ ሲሞላ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው «ሎግ» የሚል ነገር ላይ ነው።


ዳታ_ጠባቂዋ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ይሄ ስጋት እውነተኛ ነው፤ የፖስትግሬስ ሰዎች ራሳቸው ስም የቀየሩት በዚሁ የተነሳ ነው። ድሮ ፎልደሩ ፒጂ_ኤክስሎግ ይባል ነበር። ሰው ተራ ሎግ መስሎት እየሰረዘ ዳታቤዙን ይገድለው ነበር። በ2017 በወጣው ቨርዥን 10 ፒጂ_ዋል ተባለ፤ ፒጂ_ክሎግም ፒጂ_ኤክስአክት ሆነ። ሁለቱም የዳታቤዙ አካል ናቸው። በእጅ አይነኩም።

ዋሉ (ለውጦች መጀመሪያ የሚጻፉበት መዝገብ) ጠፍቶ ሰርቨሩ አልነሳ ካለ ፒጂ_ሪሴትዋል የሚባል መሣሪያ አለ። እሱ ግን የመጨረሻ አማራጭ ነው። ሰርቨሩን ያስነሳዋል፤ ውስጡ ያለው ዳታ እርስ በርሱ ስለመስማማቱ ዋስትና አይሰጥም። ከተነሳ ወዲያው ዳምፕ አውጥቶ አዲስ ሰርቨር ላይ መጫን ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የፎልደሩን ሙሉ ኮፒ።

ለሊኑክስ ተጠቃሚ ሁሉ የምለው አለ። ፋይሉ ተሰርዞ ሰርቨሩ ገና እየሠራ ከሆነ አታጥፉት። ሊኑክስ ላይ ፕሮሰሱ ፋይሉን ከፍቶ እስከያዘው ድረስ ዳታው ከዲስኩ አይለቀቅም። «ፕሮክ» ውስጥ በፕሮሰሱ ቁጥር ሥር «ኤፍዲ» የሚል ፎልደር አለ፤ የተሰረዘው ፋይል እዚያ ይገኛል፣ ኮፒ ማድረግም ይቻላል። ማይኤስኪውኤል ከሆነ ኮፒው ከመደረጉ በፊት መጻፍ እንዲቆም ቴብሎቹን መቆለፍ ያስፈልጋል። ሪስታርት ካደረጋችሁት ግን ያ በር ተዘጋ።

ማይኤስኪውኤል 8 የምትጠቀሙ ደግሞ .ኤፍአርኤም አትፈልጉ፤ የለም። አወቃቀሩ .አይቢዲው ውስጥ ራሱ ተቀምጧል፤ አይቢዲ2ኤስዲአይ በሚባለው መሣሪያ ይወጣል። ከዚህ አንፃር የእናንተ ሥራ ከሄርማታ ይቀላል።


የሊሙ_ቡና
ሐሙስ፣ ከሰዓት 10፡00

ልጆቼ፣ እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ልጄ ነው ያሳየኝ። እኔም መጋዘኔ ውስጥ እንዲህ ያለ ፕሮግራም አስገብቻለሁ። ደብተሩን ከተውኩ ቆየሁ። አሁን ይሄን ሳነብ ልቤ ፈራ። እንዲህ እንዳይደርስብኝ ምን ላድርግ? ብዙ ወጪ አለው?


ኪቶ_ፉርዲሳ
ሐሙስ፣ ከሰዓት 10፡40

አባቴ፣ ብዙ ወጪ የለውም። ፕሮግራሙን ላስገባልዎ ሰው እንዲህ ይበሉት፦ «በየማታው ሥራ ሲያልቅ ዳታቤዙ በራሱ ዳምፕ ይውጣ፤ ፋይሉም ቀኑ ይጻፍበት።» ዊንዶውስ ላይ ታስክ ሼዱለር የሚባል አለ፤ ያንን ያደርገዋል። ሁለት ፍላሽ ይግዙ። አንዱ ማሽኑ ላይ ይዋል፣ ሌላው ቤትዎ ይደር፤ በየሳምንቱ ያቀያይሯቸው። ማሽኑ ያለበት ክፍል ውስጥ ሁለቱም ባንድነት አይቀመጡ።

ከምርት ወቅት በፊት ደግሞ አንድ ቀን ከፍላሹ ላይ በሌላ ኮምፒውተር እንዲጭንልዎ ያድርጉ፤ እርስዎ አጠገቡ ሆነው። የሚያውቁት ገበሬ ስም ሲወጣ ካዩ ባክአፑ ይሠራል። የዩፒኤስዎን ባትሪም ያስፈትሹ፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ መያዝ አለበት።


የሊሙ_ቡና
ሐሙስ፣ ከሰዓት 11፡00

እድሜ ይስጥህ። ነገውኑ እነግረዋለሁ። ለዚያኛውም ልጅ እግዚአብሔር ይርዳው፤ የገበሬ ሒሳብ ቀላል አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው ነው።


ሄርማታ_አይቲ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡15

አሜን አባታችን።

የደረስንበትን ልጻፍ። ኪሎና ፈረሱላው በሁሉም ረድፍ ገጥሟል። እሸቱም እንደዚያው። የሰኞን ደረሰኞች ከሚዛን ሠራተኛው ጋር ሆነን አንድ በአንድ አየናቸው። አንድ ብቻ ዳታቤዙ ውስጥ የለም፤ መብራት ሲጠፋ እየተመዘገበ የነበረው ነው። ሠራተኛው ገበሬውን ያውቀዋል፤ የማና ሰው ነው፣ ደረሰኙም ደህና ይነበባል። በእጅ አስገባነው።

ዳታ_ጠባቂዋ እንዳለችው የቀበሌው ኢንዴክስ ላይ ጉድለት ነበር። በቀበሌ ስፈልግ የማይመጡ ገበሬዎች አሉ፤ በስም ስፈልጋቸው ይመጣሉ። ይህን ባላውቅ ኖሮ ነገ የቀበሌ ዝርዝር አትሜ ሰዎች «ስምህ የለም» ተብለው ይመለሱ ነበር። ኢንዴክሱን ጥዬ ፈጠርኩት፤ አሁን ድምሩ ገጥሟል። አዲሱ ሰርቨር ላይ ተጭኗል። የክፍያው ዝርዝር ታትሞ ገንዘብ ያዥዋ ጋ ነው ያለው።

ያልተመለሰ አንድ ቴብል አለ፤ ማን መቼ ሎጊን እንዳደረገ የሚመዘግበው። ኢምፖርት ሳደርገው የተበላሸ ገጽ አለ ብሎ ይቆማል።


ዳታ_ጠባቂዋ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡50

እንኳን ደስ ያለህ! የምር ደስ ብሎኛል።

የሎጊኑን ቴብል ባዶውን ፍጠረውና ፕሮግራሙ ይቀጥል። አሮጌውን .አይቢዲ ግን አትጣለው፤ ከሙሉው ኮፒ ጋር አስቀምጠው። ኦዲተር የሚፈልገው ቀን ከመጣ አንድሮፕ ፎር ኢኖዲቢ የሚባል መሣሪያ አለ። ሰርቨር ሳይፈልግ የ.አይቢዲውን ገጾች አንድ በአንድ አንብቦ፣ የተበላሸውን ዘሎ፣ ደህናዎቹን ረድፎች ያወጣል። ሊኑክስ ላይ ነው የሚሠራው፤ አወቃቀሩን ትሰጠዋለህ። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይቻላል።

አሮጌውን ማሽን ደግሞ አሪያው እንደተበላሸ ነውና ማንም እንዳያስነሳው ገመዱን ንቀልና ወረቀት ለጥፍበት።